ከዚሩ ሥር የነበረው ድንጋይ

ጀሪፍ፣ ካርቱም
ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአማኒ ኤልፋቲሕ፣

ደብዳቤሽን ዕቃ የሚያመላልሰው ኦመር አምጥቶ ሰጠኝ። ከፖርት ሱዳን እዚህ ድረስ ኪሱ ውስጥ ተቀምጦበት ስለመጣ እንደ ሳምቡሳ ተጣጥፎ ነው የደረሰኝ፤ ቢሆንም አንድም ፊደል አልጠፋበትም። «ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ» ብለሽ ጀምረሻል። ይህን አጀማመር ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ያኔ ሀሁ ቆጥረሽ ከጨረስሽ ገና ወርሽ ነበር፣ የናፈቀሽም ሰው አልነበረም፤ ዛሬ ግን ከልብሽ እንደጻፍሽው ገባኝ። እኔም ደህና ነኝ። ለመጨረሻው ጥያቄሽ፣ አዎ፣ ጥርሶቼ አሁንም የራሴ ናቸው።

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ። እንዳዘዝሽኝ ቤታችሁ ሄጄ አየሁ። «እውነቱን ይንገሩኝ፣ እንዳያባብሉኝ» ስላልሽ አላባብልሽም። የውጭው በር የለም። መስኮቶቹም ከነፍሬማቸው ሄደዋል። የማድቤቱን ቆርቆሮ ገፈውታል፤ የመብራቱን ሽቦ ከግድግዳው ውስጥ እየመዘዙ አውጥተውታል። ፍሪጁን አትጠይቂኝ። የኒሙ ዛፍ ግን ቆሟል፤ እንዲያውም ሰው የሌለበት ግቢ ተስማምቶት ወፍሯል። አባትሽ ካረፈ በኋላ እናትሽ ለአላፊ አግዳሚው ብላ በሩ አጠገብ ያቆመችው የሸክላ የውሃ ጋን፣ ዚሩ፣ እሱም አልተሰበረም። የብረት በር ያልተረፈበት ቤት ሸክላ እንዴት እንደተረፈ አንድዬ ይወቀው።

የአባትሽ ድንጋዮች አሉ። ዘራፊዎቹ ሣጥኑን ወስደው ድንጋዮቹን ግቢው ውስጥ ደፍተዋቸዋል። ኤልፋቲሕ የውሃ ጉድጓድ በቆፈረበት አገር ሁሉ አንድ ድንጋይ ይዞ ሲመጣ፣ እናትሽ «የሰው ባል ሥጋ ይዞ ይገባል» ትለው እንደነበር ታስታውሻለሽ? ሥጋ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አናገኘውም ነበር።

ለእናትሽም ከጦርነቱ ወደ ሸሸችበት ወደ ገዳሪፍ ጻፍኩላት። ያልሽኝን ቃል በቃል ነው ያሰፈርኩት፦ ቤቱ ሰው የሚኖርበት አይደለም፣ አዲስ አበባ ልጅሽ ዘንድ ብትሄጂ ይሻላል ብዬ። ይህን መስመር ሰርዤ ደግሜ ጻፍኩት፤ እርጅና ነው። አደራሽን ተቀብያለሁ። አሳምኜ ከኦመር ጋር እልክልሻለሁ።

ድንጋዮቹን ለሥራዬ ይላኩልኝ ማለትሽ ግን አልገባኝም። ማርስ ላይ ውሃ ነበረ አልነበረም ለማለት የጀሪፍ ግቢ ድንጋይ ምን ያደርግልሻል? አንድ ገጽ አድርገሽ አስረጂኝ። በአማርኛ፣ በእጅሽ። ድምፅ ቀርጸሽ በስልክ ብትልኪ አልሰማውም፤ ኔትዎርክም የለም፣ ያንቺና የእኔ ውልም እሱ አይደለም።

አስተማሪሽ ፍቅሬ

—

አዲስ አበባ
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ፍቅሬ፣

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። ሁለቱንም የጻፍኩት አባቴም እናቴም እንዳይቀየሙኝ ነው።

አላባብልሽም ብለው፣ ወላሂ፣ አላባበሉኝም። ስለ በሩ ሳነብ አለቀስኩ፤ ስለ ሥጋው ሳነብ ደግሞ ሳቅሁ። ቢሮ አብራኝ የምትቀመጠው ህሊና «እባክሽ አንዱን ምረጪ» አለችኝ። ስለ ጥርስዎ አልሐምዱሊላህ።

ገጹ ይኸው። ድንጋይ እንደኛ ያረጃል። ውሃ ሲነካው፣ አየር ሲነካው ቆዳው ይለወጣል፤ ይዝጋል፣ ይነጣል፣ ይላጣል። ስለዚህ አንድን ድንጋይ ሰብሬ ከቆዳው ወደ ውስጥ ሳየው ውሃ አግኝቶት እንደሆነ፣ ብዙ ይሁን ትንሽ፣ ጨዋማ ይሁን ጣፋጭ ይነግረኛል። ማርስ ዛሬ ደረቅ ናት፤ ከሐምሌ በፊት ካለው የካርቱም ግቢ ትብሳለች። ድንጋዮቿ ግን ወንዝ እንደነበራት፣ ሐይቅ እንደነበራት ቆዳቸው ላይ ይዘውታል። ውሃ ከነበረ ደግሞ «በውሃው ውስጥ የሚኖር ነገርስ ነበረ ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። እኔ ማርስ መሄድ አልችልም፣ ቪዛዋ ከባድ ነው። ስለዚህ ታሪካቸው የታወቀ የምድር ድንጋዮችን ከዚያ ከሚላከው ፎቶና ልኬት ጋር አስተያያለሁ። አባዬ ደግሞ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ከየት፣ ከምን ያህል ጥልቀት እንዳወጣው በቀለም ጽፎበታል። ከኦምዱርማን፣ ከመርኺያት ተራራ ያመጣቸው እንደ ብይ ክብ የሆኑ የብረት ድንጋዮች ትዝ ይሉዎታል? በልጅነቴ እጫወትባቸው ነበር። እነሱን የመሰሉ ማርስ ላይ ተገኝተዋል። ይህን ሳያውቅ መሞቱ ያናድደኛል። ቢያውቅ ኖሮ ጀሪፍን ሁሉ ቀስቅሶ ይነግር ነበር።

የእማዬ ነገር። ከገዳሪፍ ደወለች፤ «በዓይኔ ሳላይ የትም አልሄድም» ብላለች። ትይና ትምጣ። ባየችው ማግስት ከኦመር ጋር ያሳፍሩልኝ። ጋሼ፣ ከእርስዎ በቀር ማንንም አትሰማም፤ እኔን ስትሰማኝ እንኳ እንደ ሬዲዮ ነው የምትሰማኝ።

ክፍሏን አዘጋጅቻለሁ። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው። መጋረጃውን ራሴ ሰፋሁት፣ ጠማማ ነው። ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል፤ ከሥራ ተመልሼ ቁልፉን ሳዞር ከውስጥ «መጣሽ?» የሚለኝ ሰው እፈልጋለሁ። ይህን ለእርስዎ ብቻ ነው የምናገረው። ለእማዬ ግን የአዲስ አበባ አየር ለጉልበት ጥሩ ነው ይበሏት።

ልጅዎ አማኒ

—

ጀሪፍ፣ ካርቱም
ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአማኒ፣

ገጽሽን አነበብኩ፤ «አስተያያለሁ» የሚለውን ቃል ቦታው ላይ ስላዋልሽው ሙሉ ነጥብ ሰጥቼሻለሁ። ስለ እናትሽ ልትጠይቂኝ የምትችዪውን በተራ ልመልስ። አዎ፣ ደህና ደርሳለች። አይ፣ አልከሳችም። አይ፣ አላሳመንኳትም፤ ስለ አየሩና ስለ ጉልበቱ ስነግራት «ማን አስጠናህ?» አለችኝ።

እናትሽ ወይዘሮ ትዕዛዝ የገባች ዕለት ታለቅሳለች ብዬ ንጹሕ መሐረብ ይዤ ነበር የጠበቅኋት። በር በሌለበት በር ገባች። ግቢውን ዞረች፣ ኒሙን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ፍቅሬ፣ መጥረጊያ የለም?» አለችኝ። መሐረቡን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። እስከ ምሽት ድረስ ስንጠርግ ዋልን፤ በማግስቱም እንዲሁ።

የምታድረው ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር፣ የኦመር እናት ሐጃ ሉጥፊያ ዘንድ ነው። ጠዋት ጠዋት በሐፍላ፣ በከተማው አውቶብስ፣ ተሳፍራ፣ በመንሺያ ድልድይ ተሻግራ ትመጣለች፤ ሐጃም አብራት ትመጣለች፣ ሥራ ለመሥራት ሳይሆን እኛ ስንሠራ አልጋ ላይ ጋደም ብላ አስተያየት ለመስጠት። ትናንት «ያ ኡስታዝ፣ ይህቺን ሴትዮ ልትሸኛት ነው ወይስ ልታስቀምጣት? ከላስ፣ በቃ፣ ወስን!» ብላ ጮኸችብኝ። ሐጃ ሰው ላይ ማሾፍ ትወዳለች።

ጉዞውን በተመለከተ። መጀመሪያ የኦመር ዕቃ ዘገየ። ከዚያ ዝናብ ጣለና መንገዱ ተበላሸ ተባለ። አሁን ደግሞ ጉልበቷ አለ። ጉልበቷ ያን ያህል እንኳ አይደለም፤ ግን መንገዱ ረዥም ነው። በዚህ ላይ ትዕዛዝ የጀመረችውን ሳትጨርስ የማትነሳ ሰው ናት፣ ታውቂያታለሽ። አትቸኩዪ።

ድንጋዮቹን ግን በጊዜው ልከናል፤ በዚህ ደስ ይበልሽ። ትዕዛዝ «የልጄ መሥሪያ ቤት ቆሻሻ አይገባም» ብላ ሁሉንም በትልቁ ሳፋ በበረኪና ዘፈዘፈቻቸው። እኔ ደግሞ አንድ በአንድ በጥርስ ብሩሽ ፈተግኋቸው። ያ ሁሉ ብርቱካናማ እድፍ ሲለቅ ብታዪ! አሁን እንደ አዲስ ያበራሉ። አባትሽ የጻፈውን እንዳልነካ ተጠንቅቄያለሁ። ካርቶኑ ውስጥ እንዳይጋጩ ብዬ ከዚሩ ሥር የነበረውን ጠፍጣፋ ድንጋይ መሀላቸው ሸጉጬበታለሁ። ስለ እሱ ይቅርታ፣ ሳፋው ሞልቶ ስለነበር ሳይታጠብ ቀረ። ሲደርስሽ ጣዪው።

አስተማሪሽ ፍቅሬ

—

አዲስ አበባ
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ! ያ ጋሼ!

አጠባችኋቸው?

ሰላምታ የሚባል ነገር ጠፋብኝ፣ ይቅርታ። ካርቶኑን ስከፍተው የልብስ ማጠቢያ ቤት ሸተተኝ። ኤርፖርት ላይ ፈታሹ ኦመርን «ይሄ ምንድን ነው?» አለው። «ድንጋይ።» «ድንጋዩስ እሺ፣ ለምን ታጠበ?» ብሎ ግማሽ ቀን አስቀመጠው አሉ። እውነቱን ነው፤ እኔም የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። ያ ብርቱካናማ እድፍ ያሉት፣ ጋሼ፣ የፈለግሁት እሱን ነበር! ውሃው የጻፈው እሱ ላይ ነበር። ህሊና ከወንበሯ ወድቃ መሬት ላይ ሆና ስትስቅ እኔ ልቆጣት ብዬ አብሬያት ወደቅሁ። የእማዬን ነገር ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ሙዝ በሳሙና የምታጥብ ሴት ናት። አይዞዎት፣ በረኪናው ውስጣቸው አልገባም፤ ሰብሬ አያቸዋለሁ፣ እነሱም ይበቁኛል።

አሁን ግን ሳቁን ልተው። ጣዪው ያሉኝን ድንጋይ አልጣልኩትም።

ያን ድንጋይ አውቀዋለሁ። ዚሩን ያቆምን ጊዜ ጠብታው መሬቱን እንዳያጨቀይ ብዬ ከሥሩ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከታች ወደ ላይ ላንብብልዎ። መጀመሪያ ነጭ ቀለበት አለ፤ ወፍራም፣ የጠነከረ። የሚንጠባጠበው ውሃ ዓመት ከዓመት ጥሎት የሄደው ጨው ነው። እማዬ ናት፤ በየጠዋቱ የሞላችው። በላዩ ላይ አቧራ አለ፣ የሐቡቡ፣ የአሸዋ ማዕበሉ አቧራ፣ ተጋግሮ የደረቀ። በዚያን ጊዜ አንድም ጠብታ አልነካውም። ጦርነቱ ነው። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እርስዎ የጻፉልኝ እውነት ነው ብዬ እተኛ ነበር።

ከአቧራው በላይ ግን ሌላ ነጭ ቀለበት አለ፤ ስስ፣ አዲስ። መሀሉ አረንጓዴ ነው። በአጉሊ መነጽር አየሁት፣ ሕያው ነው። ማርስ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው በድንጋጤ ይሞታል፤ እኔም ልሞት ነበር፣ በሌላ ምክንያት። እንዲህ ያለ ቀለበት በሳምንትና በሁለት ሳምንት አይሠራም። እማዬ ከገዳሪፍ ከመምጣቷ ከብዙ ጊዜ በፊት ጀምሮ ያንን ዚር ሳያቋርጥ የሚሞላ ሰው ነበር።

እርስዎ ደግሞ በግንቦት ሰው የለበትም ብለውኛል።

ማን ነው? ቤታችን ውስጥ የማላውቀው ሰው ገብቷል? እማዬ ታውቀዋለች? አንድ የሚያጽናናኝ ነገር፣ ሌባ ለመንገደኛ ውሃ አይሞላም። እባክዎ፣ ዝናቡንም መንገዱንም ጉልበቱንም ይተዉልኝና እውነቱን ይንገሩኝ። እማዬ ለምን አልመጣችም? መጋረጃው አቧራ ጠጣ።

አማኒ

—

ጀሪፍ፣ ካርቱም
ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአማኒ፣

ብዙ ሰው መርምሮኛል፤ በወጣትነቴ አገር ቤት ፖሊስ መርምሮኛል፣ እዚህም ስደተኛ ሆኜ ስመጣ በኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ስንት ቢሮ ለስንት ሰዓት ጠይቆኛል። በድንጋይ የያዘችኝ ግን አንቺ ብቻ ነሽ። ማንም እንግዳ ቤታችሁ አልገባም። ዚሩን የሞላሁት እኔ ነኝ።

በሚያዝያ ከካሳላ ተመልሼ በሰፈራችን ሳልፍ፣ አንቺ ይሂዱና ይዩልኝ ከማለትሽ በፊት፣ በዚያ በር አለፍኩ። ዚሩ ቆሟል፣ ውስጡ ሸረሪት አድርቶበታል። እናትሽ በየጠዋቱ «ለኤልፋቲሕ» እያለች ስትሞላው ስንት ዓመት ሰምቻታለሁ፤ እኔም ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ከዚያ ጠጥቼ አልፍ ነበር። ወዳጄ ነበር አባትሽ። ስሙ እንደዚያ ደርቆ ማየት አስጠላኝ። ሸረሪቱን አስወጣሁት፣ አጠብኩት፣ በካሮ፣ በአህያ ጋሪ፣ ውሃ ከሚሸጠው ሰው ሁለት ጄሪካን ገዝቼ ሞላሁት። በማግስቱም ሞላሁት። ከስደት የሚመለሰው ሁሉ፣ ፍራሽ የተሸከመው፣ ልጅ ያዘለችው፣ እዚያ ቆሞ ይጠጣና «አላህ ይርሐሙ»፣ ነፍስ ይማር፣ ብሎ ያልፋል። ለማን እንደሚሉ እንኳ አያውቁም።

ለአባትሽ ብቻ ነው ብልሽ ግን ግማሹን እንደደበቅሁሽ ይቆጠራል። እናትሽ ስትመጣ ቀዝቃዛ ውሃ እንድታገኝም ነበር። ስለ መጥረጊያው ስጽፍልሽ ከመጥረጊያው በፊት የሆነውን ዘለልኩት። መጀመሪያ የሄደችው ወደ ዚሩ ነው። እጇን ሆዱ ላይ አሳረፈች፣ እርጥብ ነው። ወደ እኔ ዞረች። ረዥም ጊዜ አየችኝ፣ እኔ ደግሞ ኒሙን አየሁ። ከዚያ ነው መጥረጊያ የጠየቀችኝ።

በግንቦት ቤቱ አይኖርበትም ስልሽ እውነቴን ነበር። አሁን ግን ይኖርበታል። በር አለው፣ አረንጓዴ ቀባነው። ማድቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል። ይህን ሁሉ ያልነገርኩሽ አደራሽ ስለያዘኝ ነው። «ሂጂ በላት» ብለሽ ልከሽኛል፤ አፌ «ሂጂ» ይላታል፣ እጄ ቆርቆሮ ይመታል። ሰው እንዲህ ሆኖ ስንት ቀን ይከርማል? ባለፈው ሰንበት ኒሙ ሥር ተቀምጠን «ትዕዛዝ፣ አንድ ነገር…» ብዬ ስጀምር አቋረጠችኝ። «ልጄ ሳትሰማ እኔ አልሰማም» አለችኝ። ተቆጥታ አልነበረም። ሐጃ ሉጥፊያ አልጋው ላይ ተኝታለች ስንል እልል አለች።

እወዳታለሁ፣ አማኒ። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ለተማሪዬ መጻፍ ያሳፍራል፣ ቢሆንም ጻፍኩት።

ወጉ ሽማግሌ መላክ ነው። ሽማግሌ የሚላከው ደግሞ ወደ ቤተሰብ ነው። የእናትሽ ወላጆች አርፈዋል፣ ወንድም የላትም፤ ያላት ቤተሰብ አንቺ ነሽ። እዚህ የነበሩት የአገሬ ሰዎችም በየአቅጣጫው ተበትነው፣ ካባ ለብሶ አዲስ አበባ የሚሄድልኝ አላገኘሁም። ስለዚህ ይህን ወረቀት ሽማግሌ አድርጌ ልኬዋለሁ። በርሽ ላይ ቆሟል። ጉዳዩን ሰምተሽ «ተቀመጥ» እስክትዪው ድረስ አይቀመጥም።

እምቢ ካልሽ አልቀየምሽም። ቁልፉን ስለ ማዞር የጻፍሽልኝን አልረሳሁም። ኦመር ይህን አድርሶ በሚቀጥለው ወር ዳግም ሲሄድ ሻንጣዋን ራሴ ተሸክሜ አውቶብሱ ድረስ አደርሳታለሁ፤ አንድ ቃል አልናገርም፣ ጉልበትም ዝናብም አላነሳም። ዚሩን መሙላት ግን አልተውም።

ፍቅሬ

—

አዲስ አበባ
መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ፍቅሬ፣

እንኳን አደረስዎ። ዓመቱ እንዴት እንደተለወጠልኝ ይስሙ።

በዋዜማው ዕለት አንድ ዜና መጣ። ማርስ ላይ የምትዞረው ባለ ጎማ መሣሪያ፣ ጥንት ውሃ ይፈስበት በነበረ ሸለቆ ውስጥ ባለፈው ዓመት አንድ ድንጋይ አግኝታ ነበር፤ እንደ ነብር ቆዳ ዥንጉርጉር ነው። ስለ እሱ የተጻፈው ጥናት ወጣ። «ጥቃቅን ሕይወት ጥሎት የሄደው ምልክት ሊሆን ይችላል» ይላል። «ነው» አላሉም፤ ያለ ሕይወትም ሊፈጠር ይችል ይሆናል፣ ድንጋዩ ወደ ምድር መጥቶ ካልታየ አይቆረጥም። ቢሆንም እኔና ህሊና ቢሮ ውስጥ ጨፈርን፤ ጥበቃው በሩን ከፍቶ አየንና መልሶ ዘጋው።

በዚያው ከሰዓት ኦመር ደብዳቤዎን አመጣ።

እውነቱን እንዲነግሩኝ ስለጠየቅሁ እኔም እውነቱን እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ወደ ቤት ሄጄ ጠማማ መጋረጃዬን አየሁት። ለእኔ «መጣሽ?» ትለኛለች ያልኳት እናቴ ለሌላ ሰው «መጣህ?» ልትል ነው ብዬ ቀናሁ፤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሽማግሌዎንም በሩ ላይ እንደቆመ ትቼው ተኛሁ። ወጉስ ቢሆን የመጀመሪያ ቀን «አስበን እንመልሳለን» ማለት አይደል?

ጠዋት ተነስቼ ድንጋዩን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ፀሐይ አገኘውና አረንጓዴው አበራ። ሥራዬ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ማንም ያላየውን ውሃ ከድንጋይ ላይ መፈለግ ነው። ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳያመሰግነው፣ እማዬ ትምጣ አትምጣ ሳያውቅ የአባዬን ውሃ የሞላ ሰው አለ። ማርስን የሚያጠኑት ሰዎች «ገና እንጠብቅ» ይበሉ፣ እነሱ ልክ ናቸው። እኔ ግን ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እጠብቃለሁ?

ለዘመን መለወጫው፣ ኔትዎርክ ተመልሷል ሲሉኝ፣ እማዬ ጋ ደወልኩ። ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር፤ ዶሮ ሲጮህ እንኳ ሰምቻለሁ። «የጋሼ ፍቅሬን ነገር…» ስላት «አይሰማም! ሃሎ? ሃሎ? ኔትዎርኩ!» አለችኝ። እማዬ ስታፍር በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። በሐምሌ ደብዳቤዎ ላይ «ወይዘሮ ትዕዛዝ» ብለው ጀምረው መጨረሻው ላይ «ትዕዛዝ» ብቻ ስትሆን መጠርጠር ነበረብኝ።

ሽማግሌዎን አስገብቼዋለሁ። ተቀምጧል። ፈቅጃለሁ፣ ጋሼ፤ በሙሉ ልቤ።

አንድ ነገር ግን አለኝ። ክፍሉን አላፈርሰውም። አልጋውን በትልቅ አልጋ ለውጬዋለሁ፤ ካርቱም ስትሞቅባችሁ ሁለታችሁም ትመጣላችሁ፣ የአዲስ አበባ አየር ለጉልበት ጥሩ ነው። እኔም ለጥር ፈቃድ ጠይቄ አግኝቻለሁ፤ እኔ ሳልመጣ ሠርግ የለም።

ድንጋዩን በኦመር ልኬዋለሁ። የማርሱ ድንጋይ መቼ ወደ ምድር እንደሚመጣ ማንም አያውቅም፤ የኛ ግን ወደ ቦታው ይመለስ። አረንጓዴው እንዳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ከዚሩ ሥር አስቀምጡት።

በአላህም በማርያምም ይዣችኋለሁ፣ አትጠቡት።

ልጅዎ አማኒ

—

ጀሪፍ፣ ካርቱም
ጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለአማኒ፣

ሀሁ ካስቆጠርኩሽ ጀምሮ «ልጄ» ስልሽ ኖሬአለሁ፤ ሰው ሁሉ የሰፈር ልጅ እንደሚለው። ዛሬ ቃሉን ስጽፈው ግን ብዕሬን አስቀመጥኩ። እናትሽ የገባች ዕለት ያልተጠቀምኩበትን መሐረብ ዛሬ ተጠቀምኩበት።

ደብዳቤሽን ለእናትሽ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ፈቅጃለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ «ኔትዎርክ የለም» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሐጃ ሉጥፊያ ግን ሰምታለች፤ እልልታዋ ሐጅ ዩሱፍ ድረስ የተሰማ ይመስለኛል። የረክሻ፣ የባጃጅ ነጂዎች ሁሉ ቆመው «መብሩክ» ሲሉን ዋሉ፣ ምን እንደሆነም ሳይጠይቁ።

አሁን ስለ ድንጋዩ ልንገርሽ፣ አትቆጪ።

ኦመር ዕቃውን ሲያደርስ እኔ ምስማር ልገዛ ወጥቼ ነበር። ደብዳቤውን ያገኘሁት በኋላ ነው። ስመለስ ትዕዛዝ ሳፋው አጠገብ ተቀምጣለች፣ እጇ ላይ የኔ የጥርስ ብሩሽ አለ። «ትዕዛዝ!» ብዬ ስጮህ ደንግጣ «ምን ሆንክ? ልጄ የላከችው ዕቃ እድፍ ይዞት እንዴት ላስቀምጠው!» አለችኝ። ድንጋዩን ከሳፋው አወጣሁት። እንደ ብርሌ ያበራል። አንድም አረንጓዴ አልቀረበትም።

ቁጭ ብዬ ነገርኳት፤ ቀለበቶቹን፣ አቧራውን፣ አንቺ በአጉሊ መነጽር ያየሽውን። ከዚያ ድንጋዩን ወስዳ ራሷ ከዚሩ ሥር አስቀመጠችው፣ ዚሩን እስከ አፉ ሞላችው፣ «ለኤልፋቲሕ» አለች። የመጀመሪያው ጠብታ እስኪወርድ አብረን ጠበቅን።

አሁን ጠዋት እሷ ትሞላለች፣ ማታ እኔ እሞላለሁ። እስከ ጥር መልሶ ይበቅላል። ስትመጪ በሩን አንኳኪ፣ አሁን በር አለን፤ «መጣሽ?» የምንልሽም ሁለት ሆነናል።

ፍቅሬ